ደህናው እግር ምን በደለ?

አማርኛ ለጉልበትና ለኃይል የሰጠው አንድ ቃል ነው። ሰው «ጉልበቴን አመመኝ» ሲል መጋጠሚያውን፣ «ጉልበት የለኝም» ሲል አቅሙን ይናገራል። በቀን ሥራ የሚያድረው «ጉልበቴን ሸጬ» ይላል፤ የሰው ቀምቶ የሚበላውን ደግሞ «ጉልበተኛ» እንለዋለን። እኔ በምኖርባት በመቀሌ፣ በትግርኛው፣ መጋጠሚያው «ብርኪ» ነው፤ ግዕዙ «ብርክ» ይለዋል። አማርኛም «ተንበረከከ»ንና «ብርክ ያዘው»ን ያገኘው ከዚሁ ነው። የ«በረከት» ፊደላትም እነዚያው ናቸው። ከአፋር ጨው ይዞ ወደ ከተማችን ይመጣ የነበረው ግመል ይህን ሁሉ ያለ መዝገበ ቃላት ያሳየን ነበር፤ ተንበርክኮ ይጫናል፣ ከነጭነቱ በጉልበቱ ይነሣል።

ይህን የማነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ልጽፍበት የተነሣሁት ጥያቄ የሰው ጉልበት በሁለቱም ትርጉሙ የገባበት ስለሆነ ነው።

የእህቴ ልጅ 24 ዓመቱ ነው። ቀን ቀን በየሕንፃው ሴራሚክ ያነጥፋል፤ ማታ ማታና እሑድ ኳስ ይጫወታል። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ኤሲኤል» የሚሉት በቀኝ ጉልበቱ ውስጥ ያለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ከ2 ዓመት በፊት ተበጥሶ፣ ከመቀሌ ውጭ ሄዶ ተሠራለት። ከዚያው ከቀኝ እግሩ ከታፋው ጀርባ 2 ቀጫጭን ጅማቶች ተወስደው፣ ተደራርበው፣ በአጥንቱ በተበሳ ቀዳዳ አልፈው በተበጠሰው ቦታ ገቡ። በ5ኛው ወር ክለቡ ፈለገው፤ እሱም ክለቡን ፈለገ። በ7ኛው ወር ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ተከትሎ ዞር ሲል፣ ጉልበቱ ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ሐኪሙ ለድጋሚው ቀዶ ጥገና ተተኪውን ጅማት ከግራው እግር መውሰድ እንደሚሻል ነግሮናል። እናቱ፣ ታላቅ እህቴ፣ ይህን ስትሰማ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ደህናው እግር ምን በደለ?»

በክፍሉ የነበርን ሰዎች ፈገግ አልን። የእናት ሆድ ብለን አለፍነው። እኔ ግን ማታ ስመለስበት ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። አንዱን ለማዳን ሌላውን ማቁሰል መቼ ነው የሚፈቀደው? ተጎጂውና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆንስ ጥያቄው ይቀራል ወይ?

በመጀመሪያ ሐኪሙ ከየት ተነሥቶ ወደ ግራው እግር እንደሄደ መረዳት ያስፈልጋል። በ1895 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ ሜዮ ሮብሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንድ ማዕድን ቆፋሪ የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶች መልሶ ሰፋ። (ሐኪሞች ስለዚህ ጅማት ሲጽፉ ከሚጠቅሷቸው የመጀመሪያ ታካሚዎች አንዱ ኳስ ተጫዋች ሳይሆን የጉልበት ሠራተኛ መሆኑን ልብ ይሏል።) ኋላ ግን ይህ ጅማት ተሰፍቶ እንደማይጸና ታወቀ፤ በመጋጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ የሚኖር በመሆኑ እንደ ሌላው ቁስል ደም ረግቶ፣ ጠግጎ አይገጥምም። ስለዚህ ሐኪሞች ከመስፋት ወደ መተካት ዞሩ። በ1917 እ.ኤ.አ. ሄይ ግሮቭስ የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ከታፋ ጎን የወሰደውን ጠፍጣፋ ጅማት ተጠቀመ። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ባጭሩ «ከየት እንውሰድ?» የሚል ክርክር ነው።

ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የማይዘጋውም ሁሉም ምንጭ የራሱን ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ከነአጥንቱ ጫፍና ጫፍ ተቆርጦ ሲወሰድ ጠንካራ ነው፤ አጥንት ከአጥንት ጋር ቶሎ ይጋጠማል። ስፖርተኞች ይመርጡታል። ዋጋው ግን መንበርከክ ላይ ይመጣል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ በጉልበታቸው መሬት ሲነኩ ያማቸዋል። በሌላው ዓለም ይህ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ነው። በእኛ አገር ግን በሰጊድ የሚጾመውን፣ በቀን 5 ጊዜ የሚሰግደውን፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ቤት የምትወለውለውን ሴት፣ በጉልበቱ እየሄደ ሴራሚክ የሚያነጥፈውን የእህቴን ልጅ ያስባል። ስለዚህ «የትኛው ጅማት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ይህ ሰው በጉልበቱ ምን ያደርግበታል?» ከሚለው በፊት መልስ የለውም። ሐኪሙ ይህን መጠየቁን በጣም ነው የወደድኩለት።

ከሎሚው በላይ ካለው፣ ከትልቁ የፊት ታፋ ጡንቻ ጅማትም መውሰድ ይቻላል። እሱ ደግሞ የሚነካው ያንኑ አልነሣ ያለውን ጡንቻ ነው፤ እመለስበታለሁ። ከታፋ ጀርባ የሚወሰደው መንበርከክን እምብዛም አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው ጉልበት እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ የሚያስፈልገውን አቅም ነው። ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለው። የተወሰደው ጅማት በብዙ ሰዎች ላይ ከወራት በኋላ መልሶ ያድጋል፤ ሐኪሞቹ ራሳቸው ከእንሽላሊት ጅራት ጋር ያመሳስሉታል። እህቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ረጋ አለች፤ እንደ መጀመሪያው ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የልጁ የቀኝ እግር ይህን አንድ ጊዜ ከፍሏል። ያልተነካው የግራው ነው።

«ከሰው ሠራሽ ነገር ለምን አይሆንም?» ያለ ዘመድ አልጠፋም። ተሞክሯል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከካርቦን ክርና ከጎርቴክስ የተሠሩ ጅማቶች ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር፤ ሰውነት ክሩን አያድሰውምና ከጊዜ በኋላ ተልገው ተበጠሱ፣ ብናኛቸው ጉልበትን አሳበጠ። ከሟች የሚወሰድ ጅማትስ? በአሜሪካ 83 ቀዶ ሐኪሞች ተባብረው ለ2ኛ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የተሠሩ 1,205 ሰዎችን ተከታትለዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ በ2 ዓመት ውስጥ ከራስ ገላ የተወሰደው ጅማት መልሶ የመበጠስ ዕድሉ ከሟች ከተወሰደው በ2.78 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ ከሟች ለመውሰድ ባንክ፣ ከበሽታ ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ላቦራቶሪ፣ የማይቋረጥ ብርድ ማስቀመጫ ያስፈልጋል። እኛ ከሟች ወስዶ ሕያውን መርዳትን የምናውቀው ይበልጡን በዓይን ብሌን ነው፤ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ የዚያ ምስክር ነው። ለጅማት ግን መንገዱ ገና ሩቅ ነው። ሙታኑ ሊረዱን ስላልቻሉ ወደ ግራው እግር ተመለስን።

እንግዲህ ሐኪሙ የእህቴን ጥያቄ በልቡ ሳያነሣ የቀረ አይመስለኝም። የሙያው የቆየ ቃል «አትጉዳ» ይላል። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪና ጓደኞቹ ከአንድ መንታ ወንድም ኩላሊት ወስደው ለሌላው ሲሰጡ ያስጨነቃቸው ነገር ይኸው ነበር፤ ምንም ያልታመመ ሰው አስተኝተው ሊቀዱ ነበር። የፈቀዱት ሰጪው ዐውቆና ወዶ የሚሰጥ በመሆኑ ነው። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር መሠረቱ በሕይወት ያለ ዘመድ ፈቃድ ነበር። ታዲያ በአንድ ገላ ውስጥ ፈቃጁ ማን ነው? የግራ እግር አፍ የለውም።

የሚሰነዘረው መልስ ቀላል ነው። እግር ሰው አይደለም፤ መብት የለውም፤ ሰውየው አንድ ነው፤ የግራ ኪሱን ገንዘብ ወደ ቀኝ ኪሱ ቢያዛውር ማንም አይከሰውም። ይህን መልስ ለጥቂት ቀን ተቀብዬው ነበርና ችግሩን ለመናገር የተሻለ ቦታ ላይ ነኝ። ኪስ ውስጥ ያለ ገንዘብ ሲዛወር አይቀንስም። ጅማት ግን ሲዛወር ይቀንሳል፤ በሁለቱም በኩል ቁስል አለ። ደግሞስ ሰውየው አንድ ነው? በእርግጥ ስሙ አንድ ነው። ነገር ግን ዛሬ ኳስ የሚጫወተው የ24 ዓመት ጎረምሳና በ55 ዓመቱ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት የሚወጣው ጎልማሳ አንድ ዓይነት ፍላጎት የላቸውም። ጎረምሳው የሚወስደው ከግራ እግሩ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ገና ካልመጣ ሰውዬም ነው። ያ ሰውዬ በስብሰባው ላይ አልነበረም። አልፈረመም።

እህቴ የምትከራከረው ለእግር መስሎን ነው ፈገግ ያልነው። እሷ የምትከራከረው ለዚያ ለ55 ዓመቱ ሰው ነው። እናት ልጇን ከሕፃንነቱ እስከ እርጅናው አንድ ላይ ታያለች፤ እኛ የቆምንበትን ቀን ብቻ እናያለን። ይህን ካልኩ በኋላ ግን የእሷ መልስ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ያ የ55 ዓመቱ ሰው ቢጠየቅ የግድ «አትንኩኝ» ይላል ወይ? ቀኝ ጉልበቱ በየጊዜው እየከዳው፣ በእያንዳንዱ መክዳት ውስጡ ያለው ስስ አጥንት እየተፋቀ 30 ዓመት ከሚኖር፣ ግራው ትንሽ ከፍሎ ሁለቱም ቢሄዱ ሊመርጥ ይችላል። ኳሱን ትቶ፣ ጡንቻውን አጠንክሮ ያለ ጅማት መኖር የሚችል ሰውም አለ፤ በቀጥታ መንገድ የሚሄድ፣ የማይዞር፣ የማይዘል። መሰላል ላይ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚወጣ ግን ከነዚህ አይደለም። እንግዲህ ፍርዱ የሚያዘነብለው ወደ ቀዶ ጥገናው ነው፤ የሚያዘነብለው ግን ለኳሱ ሲባል ሳይሆን ለመሰላሉ ሲባል ነው። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ፣ ክለብ ሲጠራ፣ ትልቅ ልዩነት ይሆናል።

አሁን ወደዚያ አልነሣ ወዳለው ጡንቻ ልመለስ። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ አንጎል የፊት ታፋውን ጡንቻ ያጠፋዋል፤ እንደ መብራት። ሰውየው «አጥብቀው» ሲባል ያዝዛል፣ ትእዛዙ አይደርስም። ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል። ይህን የማያውቅ አሠልጣኝ «ሰነፍ» ይላል፤ ልጁም ራሱን ሰነፍ ይላል። በልጅነታችን በየሜዳው ጄሪካን ውኃና ስፖንጅ ይዞ የሚሮጠውን ሰው «ወጌሻ» እንለው ነበር፤ የእሱ ሥራ ቶሎ ማስነሣት ነበር፤ ተጫዋቹ ከቆመ ዳነ ማለት ነው። አመለካከቱ ከሰውየው ጋር አልሄደም። ለ2ኛ ጊዜ የተሠራ ጉልበት ላይ ጡንቻው ከመጀመሪያውም ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመለስ።

አዲሱ ጅማትም የራሱ ጉድ አለው። ከቦታው ተነቅሎ ሲገባ መጀመሪያ ይሞታል፤ ቀስ በቀስ ደም ሥር ይበቅልበታል፣ አዲስ ሕዋስ ይገባበታል፣ ወደ እውነተኛ ጅማት ይለወጣል። በጣም የሚደክመው በ2ኛውና በ3ኛው ወር ገደማ ነው። እብጠቱ የጠፋበት፣ ሰውየው «ደህና ነኝ» የሚልበት ጊዜ ይህ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወደ ሜዳ መመለስ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በዘገየ ቁጥር በየወሩ ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳየ። የእህቴ ልጅ በ5ኛው ወር ነበር ሜዳ የገባው።

ጎረምሶች በዚህ ጊዜ ሮቤርቶ ባጆን ይጠቅሱልኛል፤ እኔም የማልጠቅሰው አይደለሁም። በ1985 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ቀኝ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ በማግሥቱ ዓመት ዳግም ተጎዳ፣ በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ደረሰ። በ2002 ደግሞ የግራው ጅማት ተበጥሶ 3 ወር ሳይሞላው ሜዳ ገባ። የሚያምር ታሪክ ነው፤ ለምክር ግን አይሆንም። ከተመለሱት አንዱን እናውቃለን፤ በ3ኛው ወር ተመልሰው የቀሩትን ስማቸውን ማንም አልያዘም። በብስክሌት የታወቀች ከተማ ልጆች ስለሆንን ከኳስ ይልቅ ብስክሌቱ ቢመክረን ይሻል ነበር። ከትግራይ የወጣው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ፊዚዮቴራፒስቱም ለእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያዘዘለት የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ነው። ከዙር በቀር የትም አይደርስም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ታካሚው መዳኑ የሚለካው በምንድን ነው? በደህናው እግር። የታመመው እግር ኃይል ከደህናው 90 በመቶ ሲደርስ «ቀርቧል» ይባላል። ደህናው እግር ሚዛን ነው። ታዲያ ጅማቱን ከግራው ስንወስድ ሚዛኑን ራሱን ሸርፈናል! ግራው በደከመ መጠን ቀኙ የበረታ ይመስላል፤ 90 በመቶው በወረቀት ላይ ይሞላል፣ ልጁ ደካማ በሆኑ 2 እግሮች እኩል ሆኖ ሜዳ ይገባል። ሳይቆረጥ እንኳ፣ ልጁ ወራት ሲቀመጥ ግራው አብሮ ይመነምናል። በገበያ ላይ ሚዛን የሚያዛባ ነጋዴ ምን እንደምንለው እናውቃለን። እዚህ ግን ማንም ሳይዋሽ ውሸት ሊወጣ ይችላል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ የእህቴ ጥያቄ ከርኅራኄ ወደ እውነት ጥያቄ ተሻገረብኝ።

በመቀሌ ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች ጉልበት ይህን ያህል መጻፍ ያሳፍራል የሚል ይኖራል። ጦርነቱ ከጥቅምት 24 ቀን 2013 እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ሲቆይ፣ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ፣ ጓንት እያጠቡ ደጋግመው እየተጠቀሙ ሰው ያክሙ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው መቀሌ 70 እንደርታም ከሊጉ ጠፋ። ዛሬ በመንገዳችን ላይ በክራንች የሚሄዱ ወጣቶች ቁጥር ለዓይን የሚበዛ ነው። እግር ላጣው ሰው ሠራሽ እግር ሳይደርሰው፣ 2 እግር ላለው 2ኛ ቀዶ ጥገና ቅንጦት አይሆንም ወይ?

ይህን ለአንድ ጎረቤታችን፣ ግራ እግሩን በጦርነቱ ላጣ ሰው፣ ጠየቅሁት። አልተቆጣም። «የእሱን ብትተዉት የእኔ ይበቅላል?» አለኝ። መልሱ ጥሩ ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። የቀዶ ጥገና ክፍል ሰዓት ውሱን ከሆነ የእሱ ቀድሞ መግባት አለበት፤ ወረፋ በችግር ልክ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፣ የእህቴ ልጅም 5 ወር ጠብቆ ነው የደረሰው። ነገር ግን ከ2 ሰዓቱ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣው 9 ወር የማንንም ወረፋ አይቀማም። የሚያስፈልገው አንድ ብስክሌት፣ አንድ ደረጃ፣ የሚቆጣጠር ባለሙያና ጊዜ ነው። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ሴራሚክ አንጣፊ 9 ወር ሳይሠራ ማን ያበላዋል? ባለፈው ጊዜ በ5ኛው ወር ሜዳ ያስገባው ጀብደኝነት ብቻ አልነበረም፤ ክለቡ የሚሰጠው ብር ነበር። ጅማቱን የበጠሰው ድህነት ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። እኛ ዘመዶቹ ለቀዶ ጥገናው ገንዘብ ስናዋጣ ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ ለ9 ወር ቀለብ የተዋጣ ግን አልነበረም። ቀዶ ጥገና ይታያል፣ ይጠየቃል፣ ብርቱካን ይዘውለት ይሄዳሉ። እግር ቀጥ አድርጎ 30 ጊዜ ማንሣትን ማን ይጠይቀዋል?

ስለዚህ በዚህ ጊዜ የተስማማነው ከባለፈው ይለያል። መዋጮው በየወሩ ነው፤ ከአጎቶቹ ሁለታችን ቀለቡን፣ አንዱ የቤት ኪራዩን ይዘናል። ልጁ እስከ 9ኛው ወር ክለብ እንደማይፈርም ለእናቱ ቃል ሰጥቷል፤ እስከዚያ ተቀምጦ ሴራሚክ የመቁረጥ ሥራ አሠሪው ፈቅዶለታል። ሐኪሙ በፊተኛው ቀዶ ጥገና የተበሳው ቀዳዳ አለመስፋቱን በፎቶ አይቷል፤ ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ቀዳዳው በአጥንት ተሞልቶ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ፊዚዮቴራፒስቱ ደግሞ ግራው እግር ከመነካቱ በፊት ኃይሉን ለክቶ ቁጥሩን በደብተር ጽፎታል። ቀኙ የሚለካው ከእንግዲህ በዚያ ቁጥር ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሚኖረው ግራ እግር አይደለም።

እህቴ አልተደሰተችም፤ ፈቅዳለች። ከሐኪሙ ክፍል ስንወጣ በር ላይ ተመልሳ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ «ቀኙን የሚያሠሩት እሺ፣ ግራውንስ ማን ያሠራዋል?» እሱም እኩል ሰዓት እንደሚያገኝ ነገራት። ፊዚዮቴራፒስቱን አስጠርታ፣ ያንኑ በፊቷ በደብተሩ ላይ አስጻፈችው። ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው።